ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ ነርሶቹ ለምን ቀሩ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ውስጥ በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና ዋርድ የምሠራ ነርስ ነኝ። ዘንድሮ ሆስፒታላችን በማስረጃ (ማለትም በጥናት ውጤት) ላይ የተመሠረተ የነርሲንግ አሠራር ካውንስል አቋቁሞ እኔን ሰብሳቢ አደረገኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ ከየዋርዱ 14 ሰው መጣ። በሁለተኛው 8። በሦስተኛው እኔ፣ ጸሐፊዋና አንድ አዲስ ልጅ ብቻ ቀረን። እሱም ‹አበል አለው እንዴ?› ብሎ ጠይቆ ሄደ። ነርሶቹ ሰነፎች አይደሉም። ሌት ተቀን ሲለፉ አያቸዋለሁ። ለዚህ ነገር ግን ልባቸው የለም። ምን ባደርግ ይመጡልኛል? ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሦስት ሰው ቀረን ብለሽ አትሸበሪ። እኔም ዋርድ ውስጥ ያደግሁ ነርስ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ነርሶችን አስተምራለሁ። አንቺ ያየሽውን ባዶ ወንበር እኔም በተለያየ ቦታ አይቼዋለሁ። ከጻፍሽው ውስጥ ግን አንድ ነገር ደስ አሰኝቶኛል። «ሰነፎች አይደሉም» ብለሻል። ብዙ ሰብሳቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲቀርበት «ተነሳሽነት የላቸውም» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። አንቺ አልዘጋሽውም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ነርሶቹ የቀሩት ማስረጃ ጠልተው አይደለም። ካውንስሉ የእነሱ ስላልሆነ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚሁ ነርሶች ቅሬ (የሰፈሩ እድር) ይቀራሉ? አይቀሩም። ለቅሶ ተደርሷል ከተባለ ሌሊቱን ዲዩቲ ያደረችው እንኳ ዓይኗን እያሻሸች ትሄዳለች። አበል የሚከፍላት የለም። እንዲያውም መዋጮ የምታወጣው እሷ ናት፤ ብትቀር የምትቀጣውም እሷው ናት። ግን ነገ በእሷ ደጅ ሐዘን ሲመጣ ቅሬው ድንኳኑን ይዞ እንደሚደርስ ታውቃለች። ደግሞም አይታዋለች። በጎረቤቷ ደጅ ሲተከል አይታለች።

ካውንስልሽ እስካሁን ለማን ድንኳን ተከለ?

ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ምን እንደሆነ ልገምት። አንድ ሰው ፕሮጀክተር ከፍቶ የማስረጃ ትርጉም አቀረበ። የጥናት ዓይነቶችን ደረጃ የሚያሳየው ፒራሚድ ታየ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ ተነበበ፣ ንዑስ ኮሚቴ ተመረጠ። በሁለተኛው «የጥናት ርዕስ ይዛችሁ ኑ» ተባለ። በሦስተኛው ሰው ቀረ። እንዲህ ከሆነ፣ አንዲት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስትሮጥ የዋለች ነርስ ከዚያ ስብሰባ ምን ይዛ ወጣች? የቤት ሥራ። ለበሽተኛዋ የሚሆን ነገር አላገኘችም፤ ለራሷም ቢሆን ድካሟን የሚቀንስ ነገር አላገኘችም።

ስለ አመጣጡ ጥቂት ልበል፤ ያንቺን ችግር ይፈታዋልና። እንዲህ ያሉ ካውንስሎች የተስፋፉት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ነው። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ስለ ነርሲንግ አሠራር የሚወስኑት ነርሶቹ ራሳቸው ይሁኑ የሚል አስተዳደር እየሰፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ማስረጃን ወደ ሥራ የማስገባት እርምጃዎችን የሚያሳየው፣ የአዮዋ ሞዴል የሚባለው ታተመ። ብዙ ሆስፒታሎች ዛሬም የሚከተሉት እሱን ነው። የሞዴሉ የመጀመሪያ እርምጃ «ጽሑፍ አንብቡ» አይልም። መጀመሪያ አንድ የሚቆረቁር ነገር ያስፈልጋል። አንዲት ነርስ ዋርድ ውስጥ ቆማ «ይህን ለምንድን ነው እንዲህ የምናደርገው?» የምትልበት ነገር። ንባቡ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቅርጹን ወስደን ሁለቱን ዋና ነገሮች ተውናቸው፤ ጥያቄውንና ሥልጣኑን።

ሥልጣን ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ነርሶች የጥናት ውጤትን በሥራ ላይ እንዳያውሉ የሚያግዳቸውን ነገር የሚለካ መጠይቅ አዘጋጁ። ባሪየርስ (መሰናክሎች) ይባላል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሞልቷል። ከላይ ሆነው የሚመላለሱት መሰናክሎች ሁለት ናቸው። አንዱ ጊዜ ማጣት ነው። ሌላው «አሠራሩን ለመለወጥ ሥልጣን የለኝም» የሚለው ነው። አየሽ፣ «አልፈልግም» አላሉም። «ሰዓት የለኝም፣ ብናገርም አይሰማኝም» ነው ያሉት። ወሎም ያው ነው።

እኔ ራሴ ደርሶብኛል። ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ በኮሚቴ ላይ ስለ ቁስል አስተጣጠብ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ያነበብሁትን ወረቀት በእጄ ይዤ ነበር። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ወረቀቱን ሳያየው «ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ አንተ ትእዛዙን ፈጽም» አለኝ። ሰዉ ዝም አለ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በየትኛውም ስብሰባ ላይ አፌን አልከፈትሁም። ስብሰባው ላይ እገኝ ነበር፤ ስሜ በቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ግን አልነበርሁም። ካንቺ ከቀሩት 11 ሰዎች ውስጥ እንዲህ ያለ የታጠፈ ወረቀት በኪሱ የያዘ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ «ለምን ቀራችሁ?» ብለሽ በደብዳቤ አትጠይቂያቸው። ቡና ላይ ጠይቂያቸው። አቦሉ ላይ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይሉሻል። በረካው ላይ እውነቱን ይነግሩሻል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በትክክል ከመረጥሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። ትንሽ፣ በየቀኑ የሚገጥም፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነርሷ በእጇ የምትቆጥረው፣ በሽተኛውም ራሱ የሚያውቀው ነገር ምረጪ። አንቺ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነሽ፤ ስለዚህ ከዋርድሽ አንድ ልጠቁምሽ። ከኦፕራሲዮን በፊት ያለው ጾም።

አንድ አባት ነበሩ፤ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና ወዲያ የመጡ። የቡአ ኦፕራሲዮን ሊደረግላቸው ተራ ይዘዋል። ማታ 12 ሰዓት ላይ እራታቸውን በሉ። እኔ ነኝ «አባባ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም እንዳይቀምሱ» ያልኋቸው። እንደ ልማዳችን። ጠዋት ስማቸው በዝርዝሩ ላይ አራተኛ ሆነ። የመጀመሪያው ኬዝ ረዘመ። ከዚያ ድንገተኛ ገባ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ አለቀ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሳቸውን ሲያወጡ ነጭ ነው። 10 ሰዓት ላይ «ለነገ ተላልፏል» ተባለ። ነገሩን እንድነግራቸው የተላክሁት እኔ ነኝ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ረመዳን እንኳ መግሪብ ላይ ያበቃል» አሉኝ። 22 ሰዓት። በማግሥቱም ያንኑ ትእዛዝ ልደግምላቸው ነው።

ይህን ለምን እናደርግ ነበር? ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሜንደልሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ በወሊድ ጊዜ ሰመመን የተሰጣቸው ሴቶች በጨጓራቸው ያለው ምግብና አሲድ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚደርሰውን ጉዳት አሳየ። ፍርሃቱ ትክክል ነበር። ከዚያ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም» የሚለው ሕግ ዓለምን አዳረሰ። በኋላ ሲጠና ግን ንጹሕ ፈሳሽ ከሆድ ቶሎ እንደሚወጣ ታወቀ። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 መመሪያ አወጣ። ጤናማ ለሆነና በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ለሚደረግለት ሰው፣ ሰመመን ሊሰጠው 2 ሰዓት እስኪቀር ድረስ ንጹሕ ፈሳሽ፣ 6 ሰዓት እስኪቀር ድረስ ቀላል ምግብ ይፈቀዳል። ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ ግን 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የአውሮፓውያኑም መመሪያ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን የኮክሬን ድርጅት ግምገማም በአዋቂዎች ላይ የፈሳሽ ጾሙን ማሳጠር አደጋውን እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ንጹሕ ፈሳሽ ስንል ውሃ ነው፣ ወተት የሌለው ሻይ ነው። ወተት እንደ ምግብ ይቆጠራል። አጥሚትም ፈሳሽ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ይህን ለአስታማሚዎች በደንብ ንገሪ፤ ለሊት ላይ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚት ይዘው የሚመጡ አሉ። ደግሞ ሁሉም በሽተኛ በዚህ ሕግ አይገባም። ድንገተኛ፣ አንጀቱ የታሰረ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሆዱ ቶሎ የማያጣራ ሰው ለብቻው ይታያል። ውሳኔው የሰመመን ሰጪው ባለሙያ ነው። ለዚህም ነው ይህን ጥያቄ የወደድሁልሽ። ነርሷ ብቻዋን ልትፈታው አትችልም፤ ያለ ነርሷ ግን ማንም አይፈታውም። ውሃውን የምታቀብለውም የምትከለክለውም እሷ ናት።

እንዲህ አድርጊ። ለሁለት ሳምንት ምንም አትለውጡ። ቁጠሩ ብቻ። በየበሽተኛው ሦስት ነገር ይጻፍ፦ መጨረሻ የበላበት ሰዓት፣ መጨረሻ ውሃ የቀመሰበት ሰዓት፣ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባበት ወይም የተሰረዘበት ሰዓት። ሃያ በሽተኛ ይበቃል። ውጤቱን በእጅ በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ነርሶች ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ ሰመመን ሰጪውን ጥሪው። ቢሮው ሄደሽ መመሪያ አታንብቢለት። ሻይ ጋብዢውና ወረቀቱ ፊት አቁሚው። የራሱን ዋርድ ቁጥር ያየ ሰው ክርክር አያበዛም። አብራችሁ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ተራ ያላቸው ጠዋት ስንት ሰዓት ድረስ ውሃ ይጠጣሉ? ዝርዝሩ ሲለወጥ ከኦፕራሲዮን ክፍል ማን ይደውላል? ኬዙ ሲሰረዝ በሽተኛው ወዲያው እንዲበላ ማን ይነግረዋል? የነርሶች ኃላፊዋ ሜትረኗ ትፈርም፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይፈርም። ከዚያ እንደገና ሃያ በሽተኛ ቁጠሩ፤ አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጎን ለጥፉት።

ካውንስል ማለት ይኸው ነው። ድንኳኑ የተተከለው ያኔ ነው። የሜዲካል ዋርዷ ነርስ በዚያ ስታልፍ ሁለቱን ወረቀቶች ታያለች። «እኛስ ጋ ያ ነገር?» ትላለች። በደብዳቤ ያልመጣችው በእግሯ ትመጣለች።

መቁጠር ላይ ብዙ ያተኮርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሙያችን ጅማሬ መቁጠር ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ክራይሚያ ጦርነት ስትሄድ መብራት ይዛ በአልጋዎች መካከል መዞሯን ሁሉም ያውቃል። የሞተውን እየመዘገበች፣ ወታደሩን ከቁስሉ ይልቅ በሽታ እንደሚገድለው በሥዕላዊ ሠንጠረዥ ማሳየቷን ግን ለነርሶቻችን በደንብ አንነግራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1858 የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበር አባል አድርጎ መረጣት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ይህን ለወጣቶቹ ንገሪያቸው። ማስረጃ ከሐኪሞች የተበደርነው ዕቃ እንዳይመስላቸው።

ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ጥንቃቄ ጨምሪ። ለምሳሌ በደም ሥር ገብቶ መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ የካኑላ ጉዳይ። ካኑላ በየ72 ወይም በየ96 ሰዓቱ ይቀየር የሚለውን ሁላችንም ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ 3,283 በሽተኞች የተካተቱበት ጥናት ታተመ። በቀን ቆጥረው የቀየሩትና ችግር ሲታይ ብቻ የቀየሩት ሲወዳደሩ፣ የደም ሥር መቆጣቱ በሁለቱም በኩል 7 በመቶ ሆነ። ካኑላ በሚያጥርበት ሆስፒታል ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ በሽተኛውም ከአንድ መወጋት ይድናል። ነገር ግን በጄኔቫ አንድ ትልቅ ሆስፒታል አሠራሩን ወደዚህ ከለወጠ በኋላ ከካኑላ የሚነሣ የደም ኢንፌክሽን ጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ «ችግር ሲታይ» የሚለው ሕግ የሚሠራው በየሺፍቱ የሚያይ ዓይን ካለ ብቻ መሆኑን ነው። ማታ ላይ ሁለት ነርስ ብቻ ለዋርድ ሙሉ በሽተኛ በሚቆሙበት ቦታ ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ካኑላውን ከመንካታችሁ በፊት፣ በየሺፍቱ እጅ ገልጦ የሚያይ ሰው መኖሩን ቁጠሩ። ከሌለ አትለውጡ። ከውጭ የመጣ ውጤት ሁሉ እንዳለ አይገለበጥም ማለት ለነርሶቹ ክብር ነው። የእነሱ ምልከታ የማስረጃው አካል ነው ማለት ነውና።

አሁን ወደ ንባቡ። ነርሶቹን ከሚያሸሻቸው ነገር አንዱ «እንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብባችሁ፣ ስታቲስቲክስ ተንትናችሁ ኑ» መባሉ ነው። ይህን አውርጂላቸው። ሁሉም ሰው ማንበብ የለበትም። ካውንስሉ የሚያስፈልገው ጠያቂ፣ አንባቢና አድራጊ ነው። ጠያቂዎቹ ብዙ ይሁኑ፤ የፅዳት ሠራተኛዋና አስታማሚው ሳይቀሩ። አድራጊዎቹ በየዋርዱ አንድ አንድ ይሁኑ፤ የሚከበሩ፣ እጃቸው የተመሰከረላቸው። አንባቢ ግን ሁለት ሦስት ይበቃል። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። መምህራኑ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፤ ተመራቂ ተማሪዎቹ ርዕስ ይፈልጋሉ። ከነርሶችሽ የወጣ ጥያቄ ስጫቸውና መልሱን በአንድ ገጽ አማርኛ ይዘው ይምጡ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪ ብዙ የሕክምና መጽሔቶችን እንደኛ ላሉ አገሮች ይከፍታል። የኮክሬን ግምገማዎች ደግሞ ሙያ ለሌለው ሰው ጭምር የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ አላቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም በዚሁ ሥራ ላይ የተሰማራ፣ ጄቢአይ ከሚባለው የአውስትራሊያ የጤና ማስረጃ ተቋም ጋር የሚሠራ ማእከል አለ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ እያንዳንዷ ነርስ ስልኳ ላይ ትፈልግ ማለት ግን ጭካኔ ነው። አንባቢው ያውርድ፣ በዋርዱ ቴሌግራም ላይ ይላክ።

ጊዜውን በተመለከተ አጥብቄ ልንገርሽ። «ከሥራ ሰዓት ውጭ ኑ» አትበያቸው። ዲዩቲ አድራ የወጣች ነርስ ቤቷ ልጅ ይጠብቃታል። ሰዓቱ ከሥራ ሰዓት ይቆረስ፤ በሺፍት ፕሮግራሙ ላይ እንደ ማንኛውም ምድብ በስሟ ይጻፍ። ያልተጻፈ ሰዓት የለም። ሜትረኗ ይህን ካልፈቀደች ካውንስሉ ገና አልተቋቋመም ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሷን አሳምኚ። ሌላው፣ ወርሃዊ ስብሰባውን አሳጥሪውና ሥራውን ወደ ዋርድ ውሰጂው። ጠዋት ርክክብ ላይ አምስት ደቂቃ፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ያ ይበቃል። ቀኑንም አስቢበት። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጠርተሽ ግማሹን ሰው ከጁምዓ ጋር አታጋጪው፤ በታቦት ቀንም እንዲሁ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው «እኔን አስቦኛል ወይስ አላሰበኝም» የሚለውን የሚለካው እንዲህ ባለው ነው።

አበሉስ? ልጁ መጠየቁን እንደ ነውር አልቆጥረውም። የነርስ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አበል ያለበት ስብሰባም ለምዶብናል። ነገር ግን በአበል የተጀመረ ካውንስል አበሉ ሲያልቅ ያልቃል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሱ ፈንታ የሚያገለግላቸውን ነገር ታገዪላቸው። የሠሩት ሥራ በአፈጻጸም ምዘናቸው ውስጥ ነጥብ ይኑረው። ሥልጠናው እውቅና ባለው ተቋም በኩል ለፈቃድ እድሳት የሚያስፈልገው ተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሆኖ ይያዝላቸው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ የቆጠሩት ነርሶች ስም ይጻፍ፤ ሙሉ ስማቸው፣ ከአባታቸው ስም ጋር። ሥራ አስኪያጁ ለክልል ጤና ቢሮ ሪፖርት ሲያቀርብ አቅራቢዋ ነርሷ ትሁን። ሻይና ዳቦም አይጥፋ። ባዶ ሆድ ማስረጃ አይመዝንም።

አንድ ኮሚቴ በሌላ ኮሚቴ ላይ አትደርቢ። ሆስፒታላችሁ የጥራት ክፍል አለው፣ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ አለው፣ የጠዋት ሴሽን አለው። ያንቺ ካውንስል ከጥራት ክፍሉ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ነርሷ አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንድትሞላ ካደረግሻት ሁለቱንም ትሞላልሻለች፤ ግን አታምንባቸውም።

ሥልጣኑን ለማምጣት ደግሞ ከአስተዳደሩ አንዲት ቃል ብቻ ጠይቂ። «ካውንስሉ ላቀረበው ሐሳብ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንሰጣለን።» እሺ ይበሉ አላልሁም። መልስ ይስጡ። «አይሆንም» ቢሉ እንኳ ምክንያቱ ተጽፎ ዋርድ ላይ ይነበብ። ሰው «አይሆንም» መባልን ይችላል፤ ዝም መባልን ግን አይችልም። ያ ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ የቀረው ሐሳቤ ውድቅ ስለሆነ አይደለም። የተመለከተው ስላጣ ነው።

ስለ ድካማቸውም አንድ ነገር ላንሣ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ ብዙዎቹ ነርሶችሽ እዚህ ነበሩ። ተመልሰው ባዶ ክፍል ጠርገው ሥራ ጀምረዋል፤ የደም ግፊት መለኪያ ከዋርድ ዋርድ እየተዋዋሱ ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች «ስለ ለውጥ» ትምህርት አያስፈልጋቸውም። በሌለ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ። ካውንስሉ መጀመሪያ ይህን እውቀታቸውን ቢጠይቃቸው ነው የሚያምርበት። በዚያን ጊዜ የፈጠራችሁት ዘዴ የትኛው ነው? ዛሬም የምትሠሩበት አለ? ከማስረጃው ጋር ይሄዳል ወይስ መቅረት አለበት? ከዚህ ጥያቄ ብቻ የዓመት ሥራ ይወጣል።

«ልተወው?» ላልሽው፣ አትተይው። የሚቀጥለውን ስብሰባ ግን ሰርዢው። በሱ ፈንታ አንድ የተማሪ ደብተር ግዢ። ሽፋኑ ላይ «ለምን?» ብለሽ በወፍራሙ ጻፊ። በሲባጎ እስክሪብቶ እሰሪበትና ነርሶች ክፍል፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ አጠገብ ስቀይው። ማንም ስሙን ሳይጽፍ የሚቆረቁረውን ይጻፍበት። መጀመሪያ ላይ «ጓንት ለምን የለም?» የሚል ይበዛበታል። አትናደጂ፤ እሱም ጥያቄ ነው፣ ለሚመለከተው አድርሺው፣ መልሱን ከሥሩ ጻፊበት። ሰው መልስ እንዳለው ሲያይ ነው «ቁስሉን በዚህ ለምን እናጥባለን?» የሚለው የሚመጣው።

ደብተሩን ደግሞ አንቺ አትስቀይው። ያን አበል የጠየቀ ልጅ ፈልጊው። 11 ሰው ዝም ብሎ ሲቀር እሱ ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ተገኝቶ የልቡን ተናግሯል። ጠዋት ርክክብ ላይ «አበል የለም፤ ሰዓትህ ግን በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል» በይውና ደብተሩን ስጪው። የመጀመሪያዋን ጥያቄ እሱ ይጻፍባት።